የፍልሰታ ሕፃናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነሐሴ 1 ቀን ማለዳ ደሴ ላይ ከአንዱ ደብር በር ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ጦሳ ጉሙን ተከናንቧል፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና አላባራም፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። በዚያ መካከል ሕፃናት ሦስትም አራትም ሆነው፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው፣ የእናታቸውን ነጠላ አጣፍተው ይመጣሉ። ወደ ኮምቦልቻ ብትወርዱም ያው ነው፤ ብርዱ በወበቅ ይተካል እንጂ የልጆቹ ብዛት አይቀንስም። ትልልቁ ሰው ገና ከመኝታው ሳይነሣ እነሱ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ለመስማት ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ሕዝባችን ይህን ጾም «የሕፃናት ጾም» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ጾሙ አጭር ነው፣ በየቀኑ ይቀደሳል፣ ልጆችም ይቆርባሉ።

ታዲያ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ነሐሴ 17 ቀን እነዚያ ሁሉ ልጆች የት ይሄዳሉ?

እኔ በደሴም በኮምቦልቻም ሕፃናትን በማስተማር አገልግያለሁ። ሐረጎን በሚኒባስ ስወጣና ስወርድ ብዙ ጊዜ ይህንኑ አስባለሁ። በፍልሰታ መቀመጫ የሚጠፋበት አዳራሽ መስከረም ሲጠባ ባዶ አግዳሚ ይበዛበታል። ልጆቹ እምነታቸውን ጥለው አይደለም የሄዱት። እኛ በእነዚያ ቀናት ምን ሰጥተን እንደላክናቸው ነው መጠየቅ ያለበት።

የማን ሥራ ነው?

ወላጆችን ስጠይቅ «ሰንበት ትምህርት ቤት አለ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን ስጠይቅ ደግሞ «ቤት ውስጥ ምንም አይነገራቸውም» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ልጁ ግን በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ መናገር አይችሉም። ስለ እነሱ ሆኖ ሃይማኖቱን የሚመሰክረው የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ነው። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ልጁ አፉን ሲፈታ ሊያስተምረው ቃል ገብቷል ማለት ነው። አሁን አሁን ግን ክርስትና ማንሣት ልብስ ገዝቶ፣ ድግሱን ተካፍሎ መሄድ ሆኗል። የክርስትና ልጃችን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ እናውቅ ይሆናል፤ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ይችል እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እስራኤል ዘሥጋ ሕጉን ለልጆቻቸው ቤት ሲቀመጡም፣ መንገድ ሲሄዱም፣ ሲተኙም፣ ሲነሡም እንዲናገሩ ነው የታዘዙት (ዘዳ. 6፥7)። ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው የጠቀሰው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ጢሞቴዎስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት የአያቱን ጉልበት ተደግፎ የሚያዳምጥ ልጅ ነበር።

የወሎ ሰው ስለ ትምህርት ሲነገረው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ከደሴ በስተ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ገብተው የተማሩበት ገዳም ነው። ቅርባችን ቦሩ ሜዳ ደግሞ ታላቁ ሊቅ መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ደሴ ላይ በስማቸው የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ልጆቻችን በዚያ በር ይገባሉ ይወጣሉ። «መምህር አካለ ወልድ ማን ነበሩ?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም።

ቀድሞ ልጅ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሀሁ ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ ወንጌሉን ዘልቆ፣ ዳዊት ይደግም ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከመምህሩ አይለይም። ዛሬ የከተማው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ትምህርት ላይ ይውላል፤ ማታ ቴሌቪዥንና ስልክ አለ፤ ለእኛ የሚተርፈው የእሑድ አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ቃለ ዓዋዲው ከ4 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ሁሉ በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲታቀፉ ይደነግጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚዘልቅ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት ተዘጋጅቷል። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ብቻውን ልጁን ከቤት ቀስቅሶ አያመጣውም፤ መጥቶም ከሆነ እንዴት እንደምንቀበለው አይነግረንም።

እኔ ያጠፋሁት

ስለ አቀባበል ካነሣሁ የራሴን ልናገር። አጥቢያውን አልጠራም። ገና ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው፤ በፍልሰታ ሕፃናቱን ለቁርባን አሰልፍ ነበር። ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ይገፋፋሉ፣ እኔም ከማለዳ ጀምሮ ቆሜ ደክሞኛል። አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «ጋሼ፣ ጠዋት ጥርሴን ስታጠብ ትንሽ ውኃ ዋጥኩ፤ መቁረብ እችላለሁ?» አለችኝ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ጎንበስ ብዬ፣ «ጎሽ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ» ብዬ፣ እጇን ይዤ ወደ ካህኑ መውሰድ ነበረብኝ። የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ግን በሁሉም ልጆች ፊት ጮክ ብዬ «ለምን ዋጥሽ? ሥጋ ወደሙ ጨዋታ መሰለሽ? ውጪ ከሰልፉ!» አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ቅዳሴው እስኪያልቅ አለቀሰች። ከእሷ ኋላ የነበሩት ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ቢያጋጥማቸው አልነገሩኝም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ በአንድ ቁጣ ሃምሳ ልጅ ዝም ማለትን አስተማርኩ።

ልጅቷ ቀረች። የቡሄ ሰሞን እናቷን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ናት። «ዲያቆን፣ ልጄ እግዚአብሔር ተቆጥቶኛል እያለች ማታ ማታ ታለቅሳለች፤ ምን ተብላ ነው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ የሰማችው የእኔን ድምፅ አልነበረም። እኔ ነጠላ አጣፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ስለተናገርኩ ያ ቁጣ የእግዚአብሔር መስሏታል።

ቤታቸው ሄድኩ። በርከክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆይታ «እግዚአብሔርስ?» አለችኝ። «እሱ ከመጀመሪያውም አልተቆጣሽም፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ» አልኳት። በማግሥቱ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። በዓመቱ ፍልሰታ ግን መጣች፤ ከእኔ ራቅ ብላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ጌታችን ሕፃናትን ወደ እሱ እንዳይመጡ የከለከሉትን ገሥጿል (ማር. 10፥13-16)። የከለከሉት አሕዛብ ወይም ፈሪሳውያን አልነበሩም፤ የራሱ ደቀ መዛሙርት ነበሩ። በሥርዓት ስም፣ ለጌታ ያሰቡ መስሏቸው ነው። እኛም ልጆች ፊት ለበቅ ይዘን ስንቆም ይህን እናስታውስ። ልጅ ቅዳሴ ላይ ሲቁነጠነጥ መምታት ቀላል ነው። እኔ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ትንሽ ሥራ መስጠት ነው፤ አንዱ ጫማ ያስተካክላል፣ አንዱ ለአረጋውያን መቀመጫ ያመጣል፣ አንዷ ታናናሾቿን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል ታስቆጥራለች።

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሲነገረው ቅር ይለዋል፣ ቢሆንም እናገራለሁ። ሕፃናትን የሚያስተምር ሰው ማንም ይሁን ማን ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሁን፤ ሁለት ሆነው ያስተምሩ። ጨርሰው ሲወጡም ልጁን ማን እንደሚወስደው ይታወቅ። በተለይ ወላጆቻቸው የማታ ፈረቃ ገብተው በሚያድሩባት ኮምቦልቻ ብቻቸውን የሚመጡና ብቻቸውን የሚመለሱ ትንንሽ ልጆች አሉ።

ምን እንንገራቸው?

ልጅ ትርጓሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ አይሰማም፤ ታሪክ ግን እስከ ማታ ይሰማል። ፍልሰታ ደግሞ ታሪኳ በእጃችን ነው። ሐዋርያት የእመቤታችንን ሥጋ ሊያሳርፉ ወደ ጌቴሴማኒ ሲሄዱ ታውፋንያ የሚባል ሰው አጎበሩን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ መልአክም በእሳት ሰይፍ እጆቹን ቀጣው። ልጆች ይህን ክፍል እጅግ ይወዱታል፣ ዓይናቸው ይፈጣል። እዚያ ላይ ግን አታቁሙ! ታውፋንያ ተጸጽቶ እንደለመነና እጆቹ እንደዳኑለት ሳትነግሯቸው ወደ ቤት አትላኳቸው። ልጅ ሰይፉን ብቻ ይዞ ከሄደ ያችን በግድግዳ ተደግፋ ያለቀሰችውን ልጅ ይሆናል።

ከዚያ ቶማስን ንገሯቸው። በደመና ተጭኖ ሲመጣ እመቤታችን ስታርግ አገኛት፤ ሰበኗንም ሰጠችው። ሐዋርያት ዘንድ ደርሶ ግን እንዳላየ ሆኖ «እስኪ መቃብሯን አሳዩኝ» አለ። ሄደው ቢከፍቱት ባዶ ነው። ይደነግጣሉ። እሱ ያን ጊዜ ሰበኑን አውጥቶ አሳያቸው፤ ለበረከትም ተካፈሉት። እነሱም የቶማስን ዕድል ለማግኘት በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምረው ሱባኤ ያዙ፤ እነሆ የምንጾመው ይህንኑ ነው። ይህን ከነገራችኋቸው በኋላ ቅዳሴ ላይ መስቀሉ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እንዲያዩ አድርጉ። «የቶማስ ነው!» ብለው ሲንሾካሾኩ ትሰማላችሁ። እንዲህ ያለ ሹክሹክታ እኔ አልከለክልም።

ቡሄም አለ። ነሐሴ 12 ማታ ልጆቻችን ዱላቸውን ይዘው በየበሩ ይዘፍናሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ችቦ ይበራል። አብዛኞቹ ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሳንቲም ለመሰብሰብ ይመስላቸዋል። አባቶቻችን ግን ትምህርቱን በጨዋታ ውስጥ ነው የሸሸጉት። ችቦው ጌታ በደብረ ታቦር የገለጠው ብርሃን ነው፤ የጅራፉ ድምፅ ከደመናው የተሰማውን የአብን ድምፅና የነጎድጓዱን ግርማ ያሳስባል፤ ሙልሙሉ ደግሞ በዚያ ብርሃን ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው ውጪ ለቆዩት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ይዘውላቸው የሄዱት ኅብስት ነው (ማቴ. 17፥1-9)። ይህን በነሐሴ 11 ወይም በ12 ቀን ማስተማር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ልጁ በዚያው ማታ ጅራፉን ይዞ ይለማመደዋል። እናቶችም በሳንቲም ፋንታ ሙልሙሉን ብትመልሱልን እንዴት ጥሩ ነበር።

የሚከብዱ ጥያቄዎች

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከዚያ በፊትም ከሰሜኑ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ደሴ ላይ በየትምህርት ቤቱ ሰፍረው ነበር። ከእነሱ መካከል ከነበሩ ልጆች አንዱ፣ ስምንት ዓመት አይሞላውም፣ «እግዚአብሔር ሲያየን ለምን ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ዲፕሎማዬን ይዤ ስለ ፈተና፣ ስለ ኢዮብ፣ ስለ ሰው ነፃ ፈቃድ ብዙ ተናገርኩ። ልጁ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

አጠገቤ አንድ አረጋዊ ቄስ ነበሩ። ልጁን አስጠግተው አስቀመጡትና ሄሮድስ ሕፃናትን ሊገድል ሲነሣ ጌታችን ሕፃን ሆኖ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ግብጽ መሰደዱን ነገሩት (ማቴ. 2፥13-15)። ልጁ ቀና አለና «እሱም ፍራሽ አልነበረውም?» አላቸው። «አልነበረውም ልጄ» አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ልጁም ሌላ አልጠየቀም፤ እሳቸው ላይ ተደግፎ ቆየ። ጥያቄው የተመለሰለት አይመስለኝም። ብቻውን አለመሆኑን ግን የሰማ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ መልስ የሌለኝን ጥያቄ ልጅ ሲጠይቀኝ «አላውቅም፤ አብረን አባን እንጠይቅ» እላለሁ። አለማወቄን ስነግራቸው አንድም ልጅ ንቆኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኛ የወሎዎች ነው። አንድ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ጠጋ ብሎኝ «አያቴ ሙስሊም ናት፤ እግዚአብሔር ይወዳታል?» አለኝ። ወሎ ውስጥ ከአንድ ቤት ወንድም ክርስቲያን፣ እኅት ሙስሊም መሆን አዲስ ነገር አይደለም። እቺው አያት በፍልሰታ ለልጅ ልጇ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይታ፣ ሽሮውን በዘይት ሠርታ የምትጠብቀው ናት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ «ቆረብክ ወይ የኔ ጌታ?» ብላ የምትጠይቀውም እሷ ናት።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው፤ «አያትህን የፈጠራት ማነው? እግዚአብሔር አይደለም? የፈጠረውን ይወዳል። ፍርድ የእሱ ነው፣ የእኔም የአንተም አይደለም። አንተ አያትህን አክብራት፣ ታዘዛት፣ ስትጸልይም ስሟን ጥራ።» አንዳንድ ወንድሞች «ይህ እምነትን ማላላት ነው» ይሉኛል። አይመስለኝም። ልጁ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ሥጋዌ፣ ስለ እመቤታችን አማላጅነት ጥርት አድርጎ እንዲማር አደርጋለሁ፤ እምነቱን በልበ ሙሉነት እንዲናገር እፈልጋለሁ። ነገር ግን የእኛን እምነት ለማስረዳት የሌላውን መስደብ የሚያስፈልገው መምህር የራሱን በደንብ አልተማረም ማለት ነው። ልጁም ያን ስድብ ይዞ የሚሄደው ወደ አያቱ ቤት ነው።

ቤት ውስጥ

ስለ ጾሙ ራሱ አጭር ነገር ልበል። ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እንዲጾም ይለማመዳል። ቢሆንም ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ አቅሙ አንድ አይደለም፤ የታመመ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ሰውነቱ የደከመ ልጅ ካለ በራሳችሁ ከመወሰን የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የጎረቤት ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ ብላችሁ የእናንተን አታወዳድሩ። አንዳንድ እናት «የእኔ ልጅ ውኃ እንኳ አይቀምስም» ስትል እሰማለሁ፤ ልጁ ይህን ሲሰማ ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለእናቱ ወሬ መጾም ይጀምራል።

ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም ጾሙ። ነገር ግን ለስድስት ዓመት ልጅ «ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም» ብትሉት ይደናገራል። «በዚህ ጾም እኅትህን አትማታም፤ ከቆሎህ ደግሞ በር ላይ ለሚቀመጡት እማማ ታካፍላለህ» በሉት። ያን ይገባዋል። ማታ ደግሞ ከመተኛታችሁ በፊት አብራችሁ ቁሙ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አባት ቆሞ ሲጸልይ ያየ ልጅና «ሂድ ጸልይ» የተባለ ልጅ አንድ አይደሉም። አባቶች፣ በዚህ በኩል ብዙውን ለእናቶች ጥለነዋል።

ነሐሴ 17

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ባለፉት ጊዜያት በአንድ አጥቢያ የሞከርነው ቀላል ነገር አለ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚመጡትን ልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ በአንድ ደብተር እንመዘግባለን። ነሐሴ 16 በዓሉ ሲከበር ዝም ብለን አንበትናቸውም፤ እያንዳንዱን ልጅ በሰፈሩ ካለ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ጋር እናስተዋውቀዋለን። ያ ወጣት ከአምስት ልጅ በላይ አይሰጠውም። ጳጉሜን ውስጥ ወጣቱ ወደየቤታቸው ሄዶ ወላጆቻቸውን ያያል። «እሑድ በስንት ሰዓት ልምጣና ልውሰደው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻይ ይጠጣል፣ ይወጣል። ሁሉም አልተመለሱም። የተመለሱት ግን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው የተመለሱት።

በእናንተ አጥቢያ እንዲህ ያለ ደብተር ከሌለ ሰበካ ጉባኤውን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ ጠይቁ። የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ከሆነ ደብተሩን እናንተው ግዙና ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቁሙ፤ ልጆቹ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይመጣሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።